መደቡ አምና ምን ነበረበት?



ባለፈው በልግ ከጀጎል ግንብ ውጭ በምናለማው የጋራ ጓሯችን በሦስት መደቦች ላይ የነበረው ቲማቲም አበባ ከያዘ በኋላ ጠወለገ። ውኃ የጠማው መስሎን በጀሪካን እየተሸከምን አጠጣነው። ጠዋት ቀና ይልና ቀትር ላይ ይዝለፈለፋል። በሳምንቱ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ሞተ። አንዲት የግብርና ባለሙያ መጥታ ግንዱን ቆረጠችና ንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ያዘችው። ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ወረደ። «የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው» አለችን። ቀጥላ የጠየቀችን ግን ከበሽታው ይልቅ አሳፈረን። «መደቡ አምና ምን ነበረበት?»

አምና ድንች፣ ካቻምና ቲማቲም፣ ከዚያ በፊት ቃሪያ ነበረበት። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ደበርጃንም ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። እኛ የለወጥን ሲመስለን ለበሽታው ያንኑ ገበታ እያደስን ስናቀርብለት ኖረናል። ሰብል ማፈራረቅ ደግሞ በዚህ አገር ትናንት በሥልጠና የመጣ ነገር አይደለም። ታዲያ እንዴት ከእጃችን ወጣ? ይህን ለመመለስ ወደ ከተማችን ታሪክ እንመለስ።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ የሚከበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው። ቤቱ፣ መስጊዱና ገበያው ተጠጋግቶ የተሠራ በመሆኑ የከተማው ዋና እርሻ ከግንቡ ውጭ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ በከተማዋ ዙሪያ ቡና፣ ጫት፣ ጥጥና ዋርስ የተባለውን የቢጫ ማቅለሚያ ተክል አይቶ ጽፏል። ብዙው የእርሻ ባለቤት በግንቡ ውስጥ የሚኖር የሐረሪ ቤተሰብ ሲሆን፣ መሬቱን ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። ምርቱ በአምስቱ በሮች ይገባል፤ በገበያው ተቀምጠው የሚሸጡትና የሚገዙት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በገጠሩ ማሳ ላይ መሬቱን የሚያድሰው ሥርዓት በአንድ መስመር ብቻ የተያዘ አልነበረም። የሐረርጌ ገበሬ ሙይራም ሆነ ፈንዲሻ የተባለውን ማሽላ ሲዘራ በመካከሉ ቦሎቄ ያስገባል። ማሽላው ሲበዛ ያሳሳውና አገዳውን ለሚያደልበው በሬ ይሰጣል። የበሬው እበት ተመልሶ ማሳው ላይ ይወድቃል። ስሙ በየአገሩ የሚጠራው የሐረር ሰንጋ የዚህ ዙር አንዱ ፍሬ ነው። ወደ ባቢሌ ወረድ ሲባል ደግሞ አሸዋማው መሬት ለውዝ ያበቅላል፤ ገበሬውም ከማሽላ ጋር ያፈራርቀዋል።

ይህ ለምን እንደሚሠራ ሳይንሱ ያረጋገጠው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ኸርማን ኸልሪገል እንደ አተር ያሉ ጥራጥሬዎች ሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር እንደሚያገኙ ለባልንጀሮቹ ሳይንቲስቶች አስረዳ። ከ10 ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በሚባለው ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር፣ ጥጥ ብቻ እየዘሩ መሬታቸው ለተሟጠጠባቸው ድሆች ጥቁር ገበሬዎች ለውዝና ስኳር ድንች ከጥጥ ጋር እንዲያፈራርቁ ይመክር ነበር። የባቢሌ ሰው ቢሰማው የሰፈሩ ወሬ ይመስለው ነበር።

ታዲያ ይህ ልማድ በከተማው ዳር ለምን ሳሳ? እውቀቱ ስለጠፋ አይመስለንም። የሳሳው መሬቱ ስለጠበበና ገንዘብ ስላጣደፈው ነው። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። ለውጭ ገበያ የሚሆን ሰብል ዋጋ እያገኘ ሲሄድ ጫትም ከቡናው ጎን፣ ኋላም በቡናው ቦታ ተስፋፋ። ጫት ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል፤ አንኮንነውም። ነገር ግን ጫት ቋሚ ተክል ነው። አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዓመት አይነሣም። ገበሬው በረድፎቹ መካከል ማሽላ ወይም ስኳር ድንች ያስገባ ይሆናል እንጂ፣ መሬቱ ከሰብል ወደ ሰብል መዞሩ እዚያ ላይ ይቆማል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬቱን ለሚያርሰው ሰጠ። ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር። በግንቡ ውስጥ ይኖር ለነበረው ባለመሬት ቤተሰብ ግን ገቢው በአንድ ቀን የተቆረጠበት፣ ከእርሻው ጋር የነበረው ግንኙነትም የተበጠሰበት ቀን ነው። በማኅበራችን ከሁለቱም ወገን የተወለድን አለን። ዛሬ በአንድ መደብ ላይ አብረን ስንኮተኩት አንዳችን የእናታችንን ኪሳራ፣ ሌላችን የእናታችንን ደስታ እናስታውሳለን። ሁለቱም እውነት ስለሆነ አንከራከርበትም።

የሐረማያ ሐይቅ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለሐረር የቧንቧ ውኃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ደረቀ። ለመስኖም ለከተማም ውኃው ያለ ልክ ተቀዳ፤ ከተራቆተው ዳገት የታጠበው አፈርም ሞላው። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ ጀምሯል። ትምህርቱ ግን አልተመለሰም፤ ከእኛ ጋር ነው። ያላረፈ፣ ያልለበሰ አፈር ባለበት አይቆይም።

አሁን ወደ ጓሯችን እንምጣ። 12 መደብ፣ 12 ሴቶች ነን። አንዲት ሴት በአንዲት መደቧ ላይ ብቻዋን ማፈራረቅ ትችላለች፤ ሆኖም ጎረቤቷ ካላፈራረቀች በሽታው በውኃውና በዶማው ተሻግሮ ይመጣባታል። ስለዚህ 12ቱን መደብ እንደ አንድ እርሻ ቆጥረን በአራት ምድብ ከፈልነው። አንዱ ምድብ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ሁለተኛው ቦሎቄና አተር፣ ሦስተኛው ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ አራተኛው ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይይዛል። በየዓመቱ ይዛወራሉ። ጎመን ብዙ ስለሚበላ ከቦሎቄው ቀጥሎ ይገባል። የቲማቲም ቤተሰብ ወደ አንድ መደብ የሚመለሰው በአራተኛው ዓመት ነው። የታመሙት ሦስት መደቦች ተራቸው መጨረሻ ላይ እንዲሆን አድርገናል። እነሱ ከዳገቱ በኩል ስለሆኑ ውኃቸው ወደ ሌሎቹ እንዳይወርድ ቦይ ቆፍረናል። ሳይተከል የሚበቅለውን ገቦ ድንች ባየንበት እንነቅላለን፤ ዶማችንንም እዚያ ከሠራንበት በኋላ እናጥባለን። ማፈራረቅ ብቻውን በሽታውን አያጠፋም፤ ድንቹ ራሱ በሽታውን ተሸክሞ ሊመጣ ስለሚችል የድንች ዘር ከገበያ ሳይሆን ንጹሕነቱ ከታወቀበት ቦታ ለመግዛት ተስማምተናል።

አስቸጋሪው አፈሩ አልነበረም። በወርኃዊ ስብሰባችን አንዲት እኅታችን ተነሥታ «ቦሎቄ የልጄን ደብተር አይገዛም» አለች። እውነቷን ነው። ሸዋ በር ገበያ ላይ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣው ቲማቲም ነው፤ በዚህ ሥርዓት ደግሞ በዓመት ቲማቲም የሚደርሳቸው ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። የቀሩት ዘጠኙ አራት ዓመት እስኪዞር ምን ይብሉ?

መልሱን ያገኘነው ከግብርና መጽሐፍ ሳይሆን ከአፎቻ ነው። የሐረሪ ሴቶች በአፎቻቸው ለሠርግና ለለቅሶ ተራ በተራ ይሸካከማሉ፤ ሌሎቻችንም ይህን በእድር እናውቀዋለን። ዛሬ የምታዋጣው ሴት ነገ ተራዋ ሲደርስ ይዋጣላታል። እኛም የ12ቱን መደብ ሽያጭ በአንድ ሣጥን ልናስገባና እኩል ልንካፈል ወሰንን። የቲማቲም ባለተራዋ ለቦሎቄ ባለተራዋ ታካፍላለች፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ቦሎቄው ያደሰውን መደብ ሌላዋ ትረከባለች። ድምፅ ሲሰጥ ሁለት እኅቶች ተቃውመዋል። ቅሬታቸው በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ በኋላም እንደገና እንነጋገርበታለን።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አንድ ነገር አለን። በዚህ ዓመት የምናቀርበው የሽያጭ ቁጥር ካለፈው ሊያንስ ይችላል። ይህ የሆነው ሥራ ስለቀነስን ሳይሆን መሬቱ የሚጠይቀውን ተራ ስለሰጠነው ነው።

ለአባላት ደግሞ፦ በጸሐፊዋ እጅ አንድ ደብተር አለ። በየገጹ የ12ቱ መደቦች ሥዕል ተሥሏል፤ በየወቅቱ የተተከለው ይጻፍበታል። እናቶቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ከምን ቀጥሎ ምን ይተክሉ እንደነበር የምታስታውሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ንገሩን፤ እሱም ይጻፋል። ባለሙያዋ ተመልሳ መጥታ ያንኑ ጥያቄ ብትጠይቀን ደብተሩን እንገልጥላታለን።