ከትርፍ ቤት አዋጅ እስከ ሰኔ 30

የኪራይ ውል ማብቂያ ሲቃረብ በአከራይና በተከራይ መካከል የሚደረገው ንግግር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። አከራይ ገበያው መጨመሩን ይናገራል፤ ተከራይ ደመወዙ ባለበት መቆሙን ያስረዳል፤ አልስማማ ሲሉ ደግሞ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» የምትለው የታወቀች ሰበብ ትመጣለች። የአዲስ አበባ የኪራይ ታሪክ ሲመረመር ግን የጭማሪውን መጠን የሚወስነው የተደራዳሪዎቹ አንደበት አይደለም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ተከራዩ እንቢ ቢል የሚሄድበት ሌላ ቤት መኖሩና ከውሉ ጀርባ የሚቆም ሕግ መኖሩ። መንግሥታት ሁለተኛውን ደጋግመው ሞክረዋል፤ የመጀመሪያውን ግን የሚበቃውን ያህል አላሟሉም። ጭማሪው በአንድ በር ሲዘጋበት በሌላ በር ሲገባ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ስታድግ ሰፊው መሬቷ በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ስለነበረው ይዞታ ሲነሳ ደጋግሞ የሚጠቀሰው አኃዝ፣ ከሕዝቡ 5 በመቶ የሚሆነው በግል ከተያዘው የከተማ መሬት 95 በመቶ ያህሉን ይዞ እንደነበር የሚገልጸው ነው። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር፤ የመሬት ኪራይ እየከፈለ በሰው ቦታ ላይ የጭቃ ቤት የሚቀልስም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ቢይዝም መነሻው የኪራዩ ልክ በተዋዋዮች ስምምነት ይቆረጣል የሚል ነው። በወረቀት ላይ እኩል የነበሩት ሁለቱ ወገኖች በኑሮ እኩል አልነበሩም። አንዱ ብዙ ቤት፣ ሌላው አንድ ክፍል እንኳ የሌለው በሆነበት ከተማ የውል ነጻነት የሚባለው ለባለቤቱ ያደላ ነበር።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ሚዛን በአንድ ቀን ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየትም ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አነስተኛ ኪራይ ይከፍሉ ለነበሩትም ቅናሽ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በቀበሌ ቤት ውስጥ ስለ ጭማሪ መደራደር የሚባል ነገር ጠፋ፤ ኪራዩ ለዓሥርት ዓመታት ባለበት ረጋ፤ በወር ጥቂት ብር ብቻ የሚከፈልባቸው ቤቶች እስከ ቅርብ ጊዜ ቆዩ። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይታደስም፣ ሽንት ቤት አይቆፈርም። ቀበሌው የማደሻ አቅም አልነበረውም፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ እንዲያድስ አይፈቀድለትም ነበር። በብር ያልተጨመረው ኪራይ በሚያፈስ ጣሪያና በተጣበበ ግቢ ተከፈለ። የከተማዋ የቤት እጥረት እየባሰ ሲሄድም ከቀበሌ በትንሽ ብር የተከራዩትን ቤት በድብቅ ለሌላ በገበያ ዋጋ ማከራየት የተለመደ ሆነ።

ለአዋጁ የሚሟገቱ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ያ አዋጅ ባይኖር ኖሮ የመርካቶና የፒያሳ አካባቢ ደሃ ከመሃል ከተማ ቀድሞ ይባረር ነበር፤ ሀብታምና ድሃ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕድር መኖራቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል ይላሉ። እውነት ነው፤ በ1967 ቤት ውስጥ ለነበረው ተከራይ አዋጁ ትልቅ ዋስትና ነበር። ጥቅሙ ግን ቁልፍ በእጁ ለነበረው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከገጠር የመጣው፣ ያገባውና ራሱን የቻለው ወጣት የሚከራየው ቤት በሕግ አልነበረውም፤ በደባልነት ወይም በዘመድ ቤት ጥገኝነት መኖር ነበረበት። ኪራይን ማርጋት ያለውን ቤት አከፋፈለ እንጂ አዲስ ቤት አልፈጠረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ሲመለስ ድርድሩም አብሮ ተመለሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብዙ ቤት ጨምሯል፤ ዕጣ ከደረሳቸው መካከል ግን ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተውት አዲስ የአከራይ መደብ ፈጠሩ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ መቶ ሺዎች ተሰልፈው መመዝገባቸው ፍላጎቱ ምን ያህል ከአቅርቦቱ እንደራቀ ይመሰክራል። በዚህ መካከል መንግሥት ጭማሪን ማገድ የጀመረው በአደጋ ጊዜ ነው፦ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ አስቸኳይ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አስተዳደር ውሳኔ ኪራይ መጨመርም ተከራይ ማስወጣትም ለጊዜው ተከለከለ። ጊዜያዊ እገዳ ግን ድርድሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከእነዚህ የሚለየው ኪራይን ለዘላለም ከማርጋት ይልቅ ለጭማሪው ሥርዓት በማበጀቱ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጸናል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አያልፍም፤ የጭማሪውን ጣሪያ ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ሰኔ 30 ይፋ ያደርጋል። አከራዮች ይህ ንብረታችንን ይጫናል፣ ሲሚንቶ ሲወደድ ኪራያችን ለምን ይያዛል ይላሉ። ቅሬታው ባዶ አይደለም፤ የቀበሌ ቤት ታሪክ የሚያስተምረውም ከማደሻ ወጪ በታች የወረደ ኪራይ ቤቱን እንደሚገድል ነው። ስለዚህ የሚታወጀው መጠን ከዋጋ ንረቱ ጋር መናበብ አለበት። ሌሎች ደግሞ ሕጉ አይከበርም፤ አከራይ ግብር ስለሚፈራ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ተጽፎ ልዩነቱ በእጅ ይከፈላል ይላሉ። ይህም ይደረጋል፤ የሚደረገው ግን ተከራዩ የሚሄድበት ስለሌለው ነው፤ አማራጭ ያለው ሰው በሁለት ዋጋ አይፈርምም።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። ተከራይ የጽሑፍ ውል መጠየቅና ማስመዝገብ፣ እውነተኛው ዋጋ ካልተጻፈበትም አለመፈረም ይገባዋል፤ ያለዚያ ሕጉ ለእርሱ የለም። መንግሥት ግን በየሰኔው በሚያወጣው መቶኛ ብቻ ሥራውን እንደጨረሰ ሊቆጥር አይገባም፤ ለኪራይ የሚሆን ቤት በብዛት ካልተሠራ በስተቀር የ1967ቱ ስህተት በሌላ ስም ይደገማል።