በግለሰብ በሚሠራ የእንጨት አውሮፕላን ላይ የመቆጣጠሪያ ክፍሎች የብረት ዕቃዎች አገጣጠም

አንድ አውሮፕላን አቅጣጫውንና ሚዛኑን የሚጠብቀው በተንቀሳቃሽ መቆጣጠሪያ ክፍሎች ነው። እነርሱም በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚገኙት ኤሌሮኖች፣ በአግድሙ የጅራት ክፍል ላይ ያለው ኤሌቬተር እና በቋሚው የጅራት ክፍል ላይ ያለው ረደር ናቸው። እነዚህ ክፍሎች ከአካሉ ጋር የሚያያዙት በማጠፊያዎች፣ በመግፊያ ክንዶች፣ በብሎኖችና በዳዶዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ በበረራ ላይ ቢላቀቅ አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ሊሳነው ይችላል። ብረቱ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የመገጣጠሚያው ጥንካሬ ከሥሩ ካለው እንጨት ጥንካሬ ሊበልጥ አይችልም።

የእንጨቱ ዝግጅት

ማጠፊያ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በንድፉ መሠረት የኮምፔንሳቶ ወይም የጠንካራ እንጨት ማጠናከሪያ አስቀድሞ ይጣበቃል። በሚጣበቅበት ጊዜ የእንጨቱ እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ሊሆን ይገባል። ብሎን በቀጥታ ለስላሳ እንጨት ላይ ሲጠብቅ እንጨቱን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ እንጨትም ብሎኑን አጥብቆ መያዝ አይችልም።

ቀዳዳና ብሎን

ቀዳዳው በተሳለ መሰርሰሪያ፣ በመውጫው በኩል ደጋፊ እንጨት ተደርጎ ይበሳል። ይህ ካልሆነ የቀዳዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ወደ እንጨቱ ጫፍ ከተጠጋም እንጨቱ በክሩ አቅጣጫ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በንድፉ የተመለከተው ርቀት መጠበቅ አለበት። ብሎኑ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ቀላል ምት የሚገባ ሊሆን ይገባል፤ በከባድ መዶሻ መግፋት እንጨቱን ይሰነጥቃል። ብሎኑ ከመግባቱ በፊት የቀዳዳው ውስጥ እርጥበት እንዳይገባበት በቫርኒሽ ይቀባል። የብሎኑ ጥርስ የሌለው ክፍል ርዝመትም ከሚጣመሩት ክፍሎች ውፍረት ጋር ሊመጣጠን ይገባል፤ ጥርሱ እንጨቱን መፋቅ የለበትም።

ዳዶና መቆለፊያ

ከዳዶው ሥር እንጨቱን የሚነካው ሮንዴላ ሰፊ መሆን አለበት። እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀድሞ የጠበቀ ዳዶ ሊላላ ይችላል፤ በመሆኑም የጥብቀቱ መጠን ከጊዜ በኋላ ዳግም ይፈተሻል። በመገጣጠሚያው ላይ በሚሽከረከር ብሎን ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ብቻውን አያገለግልም። በዚህ ቦታ አናቱ የተሰነጠቀ ዳዶ ገብቶ በመቆለፊያ ፒን መታሰር አለበት።

የማጠፊያዎች አሰላለፍ

የአንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ማጠፊያዎች በሙሉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ሊውሉ ይገባል። አንዱ እንኳ ከመስመር ቢወጣ ክፍሉ ሲንቀሳቀስ ይጨነቃል፤ ማጠፊያውም ይለበሳል። ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት በሁሉም ማጠፊያዎች ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በማሳለፍ አሰላለፉን ማረጋገጥ ይቻላል። ከማጠፊያው መስመር በስተኋላ የሚጨመር ክብደት፣ ከመጠን ያለፈ ቀለምን ጨምሮ፣ ክፍሉ በፍጥነት ላይ ኃይለኛ ንቅናቄ እንዲያሳይ ሊያደርግ ስለሚችል ሚዛኑ በንድፉ መሠረት ይጠበቃል።

የመጨረሻ ፍተሻ

መንጃ ዘንጉ ወደ ግራ ሲዘነበል የግራው ኤሌሮን ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች መንቀሳቀስ አለበት። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ኤሌቬተሩ ከፍ ይላል። ይህ ተገልብጦ ቢገጠም አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ አደጋ ይደርሳል። ስለዚህ ሥራውን ያልሠራ ሌላ ብቁ ሰው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ዳግም እንዲፈትሽ ማድረግ ይገባል። ክፍሎቹ በጨርቅ ወይም በኮምፔንሳቶ ከመሸፈናቸው በፊት የውስጡ ሥራ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በመዝገብም ይስፈር፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚታየው የውጭው ገጽ ብቻ ነውና።

የፈቃድ ጉዳይ

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኤሲ 43.13-1ቢ በተሰኘው መመሪያ ምዕራፍ 1 የእንጨት መዋቅር አሠራርን በዝርዝር ያስቀምጣል፤ ሆኖም ገዥው የአውሮፕላኑ ንድፍ ነው። በኢትዮጵያ የሲቪል አውሮፕላን ምዝገባና የበረራ ብቁነት ቁጥጥር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ስለሆነም ባለጉዳዩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይመከራል። የአገጣጠሙ መጠናቀቅ ብቻውን ለመብረር ፈቃድ አይሆንም።