የጉግስ ልምምድ በጎንደርና በሰሜን ደጋዎቿ

ጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው የሚገጥሙት የውጊያ ጨዋታ ነው። አንዱ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ሽምጥ ይጋልባል፤ ሌላው ከኋላ እየተከተለ ዘንግ ይወረውርበታል። ተባራሪው ውርወራውን በጋሻው መክቶ ወይም ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ ካሳለፈ ልጓሙን ስቦ ይመለሳል፤ አባራሪነቱም የእርሱ ይሆናል። ከባሕር ማዶ የቱርኮች ጅሪት ከዚህ ጨዋታ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ሁለቱም የመለሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ፈረሰኛ ወዳጁን ሳይገድል ውጊያን በምን ይለማመድ?

የጉግስ መልስ የጦሩን ስለት ብቻ ማስቀረት ነበር። ፈረሱ፣ ፍጥነቱ፣ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራው ጋሻ፣ ከኋላ የሚደርሰው ባላጋራ ሁሉ እንደ ጦር ሜዳው ሆነው ቀሩ። የጨዋታው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆሞ ዒላማ የሚወጋ ሰው ክንዱን ብቻ ያለማምዳል። የሚሸሽ፣ የሚያዘናጋና በድንገት የሚመለስ ፈረሰኛን የሚያሳድድ ግን ርቀትን መለካትና የሌላውን ሐሳብ ቀድሞ ማወቅ ይማራል። ዘንግም ቢሆን ዓይን ያጠፋል፣ አጥንት ይሰብራል፤ ከፈረስ መውደቅም ያለ ነው። አደጋው ሙሉ በሙሉ ቢወገድ ኖሮ ልምምዱ ለጦርነት አይረባም ነበር።

ለዚህ ልምምድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ፈረስ ነው፤ ፈረስ ደግሞ የደጋ እንስሳ ነው። በቆላ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚያስተላልፉት የፈረስ በሽታ መንጋውን ይፈጀዋል። ከጎንደር ወደ ሰሜን በወገራ በኩል ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወጣው አገር ግን ብርዳማ ነው፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መኳንንቱ ለመንገድ በቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ ኮርቻና ግላስ ተጭኖበት በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ጉልበቱ ለውጊያና ለጉግስ ይቆጠብለት ነበር ማለት ነው። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ሆኖ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በትንሿ የእርካብ ቀለበት ያስገባል። ሁለት እጆቹ በጋሻ፣ በዘንግና በዛብ የተያዙ ስለሆነ ፈረሱን በጉልበቱና በሰውነቱ ዘንበልታ መምራትን ካልለመደ ጨዋታው አይሆንለትም።

ሁለተኛው ሜዳ ነው። ክረምት አፈሩን ያጨቀየዋል፣ ማሳውም በአዝመራ የተያዘ ነው። ስለዚህ ጉግስ የበጋ ጨዋታ ሆነ፤ ከመስቀል ጀምሮ መሬቱ ይጠነክራል፣ እህሉ ሲሰበሰብም ማሳው ይከፈታል። ጥምቀትና የሰርግ ወራት የሚውሉት በዚሁ ጊዜ ነው። በዓሉ ተመልካች ያመጣል፤ በፉከራና በእልልታ መካከል የሚወረወር ዘንግ ደግሞ ከጓሮ ልምምድ ይልቅ ልብን ይፈትናል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ፈረስ በከተማዋ ሕንፃዎች ላይ ሳይቀር አሻራውን ትቷል። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ኮርቻ ይመስላል እየተባለ ይጠራል። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ በዐፄ በካፋ ስም የሚጠራ የፈረስ ጋጥ አለ። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ክብ ሕንፃም በአፈ ታሪክ ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት። የሰው ስም በፈረስ ስም መተካቱም የዚሁ ባህል ክፍል ነው፦ ቋረኛው ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል።

ጉግስ ከጊዜ በኋላ ደከመ፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ጠመንጃ ነው። በ1762 ዓ.ም ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በጠመንጃ የሻማ ቁራጭ ተኩሶ ሦስት ጋሻዎችን፣ ቀጥሎም ጠረጴዛ መብሳቱን በመጽሐፉ ይተርካል። ጋሻ ሻማን ካልመለሰ ጥይትን ሊመልስ እንደማይችል ያየ ሁሉ ይረዳል። ያም ሆኖ ፈረሰኛ ወዲያው ከጦር ሜዳ አልጠፋም፤ ጥይትና ጠመንጃ ውድ ስለነበሩ ጦርና ጋሻ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አብረው ዘለቁ፤ በ1888 ዓ.ም በዓድዋም ፈረሰኛ ተዋግቷል። ጉግስ ከልምምድነት ወደ በዓል ማድመቂያነት የወረደው ቀስ በቀስ ነው። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ፈረስ ይቀልቡ የነበሩትን የባላባት ቤቶች አቅም አሳጣ፤ ጨዋታው ከዚያ ወዲህ የቆመው በገበሬው ፈረስ ነው።

ልምምድ ያለ ባላጋራ አይኖርም፤ ባላጋራ ደግሞ በአንድ ቀን ክብረ በዓል አይፈጠርም፤ ቋሚ ማኅበር ይጠይቃል። ይህን በአማራ ክልል ከሁሉ በተሻለ የተረዱት ከጎንደር በደቡብ በኩል ያሉት የአዊ አገው ፈረሰኞች ናቸው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የአባቶችን የዓድዋና የአርበኝነት ተጋድሎ በፈረስ ያስባል፤ አባላቱም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ተሰብስበው ይጋልባሉ።