ስቱ ኡንጋር፦ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ባዶ እጁን የሞተው የፖከር ተጫዋች

በአውሮፓውያኑ ኅዳር 1998 አሜሪካዊው ስቱ ኡንጋር በላስ ቬጋስ ከተማ፣ በአንድ ርካሽ ሞቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 45 ነበር። ከዚያ 18 ወራት ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ የዓለም የፖከር ሻምፒዮናን ዋነኛ ውድድር ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተረክቦ ነበር።

ተጋጣሚዎቹን ያሸነፈበት መሣሪያም ሆነ ለውድቀቱ የዳረገው ነገር አንድ ነበር፤ ለገንዘብ የማይሳሳ መሆኑ።

ከኒው ዮርክ እስከ ላስ ቬጋስ

ኡንጋር በ1953 በኒው ዮርክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቁማር የሚካሄድበት መጠጥ ቤት ስለነበራቸው ከካርታ ጋር የተዋወቀው በልጅነቱ ነው። ታዳጊ ሳለ አባቱ ሞቱ፤ እርሱም ትምህርቱን አቋርጦ "ጂን ራሚ" የተባለውን የሁለት ሰዎች የካርታ ጨዋታ መተዳደሪያው አደረገ።

ተጋጣሚው የጣለውንና ያነሳውን እያስታወሰ በእጁ የቀረውን ካርታ መገመት ይችል ነበር። ይህ ችሎታው ግን እንጀራውን ዘጋበት፤ ከእርሱ ጋር በገንዘብ ለመጫወት የሚደፍር ሰው ጠፋ። ወደ ፖከር ያዞረውም ይኸው ነው።

ዋነኛው የሻምፒዮና ውድድር የሚካሄደው "ቴክሳስ ሆልደም" በተባለው የፖከር ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፤ 5 ካርታዎች ደግሞ ለሁሉም በጋራ ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ። የውርርድ ገደብ ስለሌለ ተጫዋቹ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስያዝ ይችላል። ስለዚህ የሚያሸንፈው የተሻለ ካርታ የያዘ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹን አስፈራርቶ ያስወጣም ነው።

ኡንጋር በ1980 በዚህ ውድድር የመጨረሻ ፍልሚያ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑን ዶይል ብራንሰንን ረታ። በቀጣዩ ዓመትም ድሉን ደገመ።

ፋታ የማይሰጥ አጨዋወት

በዘመኑ ጥንቁቅ ተጫዋቾች ጥሩ ካርታ እስኪደርሳቸው በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር። ኡንጋር ግን ደካማ ካርታ ይዞም ደጋግሞ ውርርዱን ከፍ ያደርጋል። ተጋጣሚዎቹ "ለዚህ ብዬ ሁሉንም አላጣም" እያሉ ትንንሹን መደብ ሲለቁለት፣ እርሱ ጥቂት በጥቂት የሰበሰበውን ይዞ ለትልቁ ፍልሚያ ይቀርባል።

ድፍረቱ ግን በጭፍን አልነበረም። በ1990 ሻምፒዮን ከሆነው ማንሱር ማትሉቢ ጋር ለብቻቸው ባደረጉት ግጥሚያ፣ ማትሉቢ በመጨረሻው ካርታ ላይ የቀረውን ሁሉ አስያዘ። ኡንጋር በእጁ የያዘው 10 እና 9 ብቻ ነበር። ሆኖም ባላንጣው የሚፈልገው ካርታ እንዳልመጣለት ከውርርዱ አካሄድ አንብቦ ተቀበለው። ማትሉቢ የያዘው 4 እና 5 ሆኖ ተገኘ።

ከጠረጴዛው ሲነሳ

በጠረጴዛው ላይ ኃይል የሆነው ግድየለሽነት ከጠረጴዛው ውጭ ልጓም አልነበረውም። በካርታ የበላውን በፈረስ እሽቅድምድምና በስፖርት ውርርድ ይበተን ነበር። የኮኬይን ሱስም ተጨመረበት።

በ1990ው ውድድር ሦስተኛ ቀን አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ በሆቴል ክፍሉ ራሱን ስቶ ተገኘ። በሌለበት የግዴታ መደቡ ከድርሻው እየተቀነሰ ጨዋታው ቢቀጥልም፣ አስቀድሞ ያከማቸው ብዙ ስለነበር 9ኛ ሆኖ አጠናቀቀ።

በ1997 የ10 ሺህ ዶላሩን መግቢያ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። የሙያ ባልደረባው ቢሊ ባክስተር ከፈለለት፤ ኡንጋርም 312 ተጫዋቾች ከተሳተፉበት ውድድር አሸናፊ ሆኖ ወጣ። ሽልማቱን ሁለቱ እኩል ተካፈሉ። የእርሱ ድርሻ ግን አልበረከተም፤ በቀጣዩ ዓመትም ሻምፒዮንነቱን ለማስጠበቅ ወደ ውድድሩ አልገባም።

አስከሬኑን የመረመሩ ሐኪም ለሞቱ ምክንያት የሆነው ለዓመታት በዘለቀ የዕፅ ተጠቃሚነት የተጎዳው ልቡ መሆኑን ገለጹ። በቀብሩ ላይ ወዳጆቹ ለወጪው መሸፈኛ ገንዘብ አዋጡ።

ኡንጋር በ2001 በፖከር የዝና መዝገብ ስሙ ሰፍሯል። ከእርሱ በፊት ጆኒ ሞስ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ተብሏል፤ የመጀመሪያውን ማዕረግ ያገኘው ግን በተጫዋቾች ድምፅ ነበር። ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ተጫውቶ ያሸነፈው ኡንጋር ብቻ ነው።