ያልተከፈተው መዝገብ፤ የቤት ገዥ ዋስትና ታሪክ

ቤት የሚገዛ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ይገዛል። አንደኛው ግድግዳውና ጣሪያው ሲሆን፣ መሐንዲስ ለክቶና ስንጥቁን መርምሮ ሊመሰክርለት ይችላል። ሁለተኛው ግን በዓይን የማይታየው የሻጩ መብት ነው። ይህ መብት በእርግጥ የሻጩ ስለ መሆኑና ወደ ገዥው ስለ መተላለፉ ማን ይመሰክራል? ብዙ ቤተሰብን በፍርድ ቤት ደጃፍ ያቆመው ይኸው ጥያቄ ነው።

በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር መሬት ሲሸጥ የሻጩና የገዥው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋና የእማኞቹ ዝርዝር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። አሠራሩ የሚናቅ አልነበረም። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን የሚጠበቅ ስለ ነበር ከሻጩም ከገዥውም እጅ ውጭ ነው። መዝገብን ከተራ ወረቀት የሚለየውም ይኸው ነው፤ ወረቀትን ባለጉዳዩ በኪሱ ይይዘዋል፣ መዝገብን ግን ሦስተኛ ወገን ይጠብቀዋል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቦታው በየመኳንንቱ ሰፈር የተደለደለ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በከተማዪቱ ቦታን በግል ለመያዝ፣ ለመሸጥና ለመግዛት የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የቦታ ማስረጃ ወረቀት ለባለይዞታው ይሰጥ ጀመር። የዛሬው ገዥ «ካርታ አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ያለውን ሰፊ ክፍል ለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን በሕጉ መጨረሻ ላይ፣ በቁጥር 3363፣ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥለት ድረስ እንደማይሠራ ተደነገገ። ተከታዩ ቁጥር ደግሞ መዝገቡ እስኪቋቋም ድረስ በልማድ የነበረው ሥርዓት እንዲጠበቅ አዘዘ። እንዲህ ዓይነቱን መዝገብ ለመክፈት ቀያሽ፣ የመሬት ልኬትና የሠለጠነ ሠራተኛ ያስፈልግ ነበርና ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም የሚጠበቀው ትእዛዝ ሳይወጣ ዘመን አለፈ፤ ሕንጻው ተሠርቶ መሠረቱ ሳይጣል እንደ ቀረ ማለት ነው።

የዚህ ክፍተት ዕዳ የወደቀው በገዥው ላይ ነው። በቁጥር 1195 መሠረት የአስተዳደር ክፍል የሰጠው የባለቤትነት ማስረጃ፣ ስሙ የተጻፈበት ሰው ባለቤት እንደ ሆነ ያስገምታል። ግምት ግን ግምት ነው፤ ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ እንደ ሆነ ሊፈርስ እንደሚችል ቁጥር 1196 ይናገራል። ካርታ የጨበጠ ሁሉ ጉዳዩ ያለቀለት የሚመስለው ይህን ሳያውቅ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልፈቀደም። ከዚያ ወዲህ ገዥ የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ አጽንቷል።

በእነዚህ ዘመናት ሁሉ እጅግ ብዙ ቤቶች የተሸጡት «የመንደር ውል» በሚባለው መንገድ ነው። ውሉን ራፖር ጻፊ ይጽፈዋል፤ ሁለት ሦስት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ገንዘቡ ተቆጥሮ ቁልፉ ይሰጣል። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ሽያጭ ስለሆነ ገዥው ተማምኖ ይኖራል። ሕጉ ግን በዚህ ነገር ሁለት ልሳን ያለው ይመስል ነበር። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት ሲል፣ ቁጥር 1723 ከጽሑፉ በላይ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አዋዋይ ፊት መሆኑን ይጠይቃል። ፎርሙ ካልተጠበቀ ደግሞ በቁጥር 1720 መሠረት ውሉ ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁጥር 1723 መጠበቅ አለበት የሚለውን ትርጉም ሰጠ። የችሎቱ የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ስለ ነበር ውጤቱ ከአንድ መዝገብ አልፎ ሄደ። የቤት ዋጋ በናረበት ጊዜ ሻጮች ቀድሞ የተፈራረሙትን ወረቀት «አልተመዘገበም» እያሉ ሽያጩን ማፍረስ ቻሉ። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ይኸውም ገዥው ቤቱን መልሶ ያን ጊዜ የከፈለውን ገንዘብ ይቀበላል ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ሌላ ቤት እንደማይገኝ ለማወቅ የሕግ ሊቅ መሆን አያሻም። ችሎቱ በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ሻጩ መሸጡን ያልካደ እንደ ሆነ ምዝገባ የለም ተብሎ ብቻ ውሉ እንዳይፈርስ ትርጉሙን አለዝቦታል። ይህም ቢሆን የገዥውን ዕድል በሻጩ ሃይማኖተኛነት ላይ ይጥለዋል።

በእንግሊዝ አገር የቤት ዝውውርን ጉዳይ የሚፈጽመው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ከ1985 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህም ለዚሁ ብቻ ፈቃድ የሚሰጠው ልዩ ሙያተኛ አለ። በእኛ ዘንድ ሥራው ተበታትኗል። ደላላው ሻጭና ገዥን ያገናኛል፣ ጠበቃ ወይም ጸሐፊ ውሉን ያዘጋጃል፣ ውልና ማስረጃም ያረጋግጣል። በአዋጅ ቁጥር 334/1995፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት አረጋጋጩ ሻጩ ንብረቱን ለማስተላለፍ መብት እንዳለው ማየት አለበት። ቤቱን ሄዶ አይመለከትም፤ በካርታው ላይ ያለው ስፋት ከአጥሩ ጋር መስማማቱን የሚያስለካ ገዥው ራሱ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ገዥ ግን ጥቂት ነው።

ክርክር ከሚያነሡት ጉዳዮች ሁለቱ በተለይ ይደጋገማሉ። አንደኛው ቀብድ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ፣ የተቀበለም እጥፉን መልሶ ውሉን ሊተው ይችላል። ስለዚህ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ የሚያስበው ስለ እጥፉ ብቻ ነው። ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ነው። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ ያልተስማማው ወገን ሽያጩ እንዲፈርስ ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይችላል። በባል ስም ብቻ የተጻፈ ካርታ ይህን አይናገርም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከታወጀ 54 ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጣ። ሥራው የሚጀምረው ከቢሮ ሳይሆን ከሜዳ ነው። ቀያሹ በየሰፈሩ እየዞረ የእያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ወሰን ይለካል፤ ባለይዞታው ማስረጃውን ያቀርባል፤ የማጣራቱ ውጤት ለሕዝብ ይገለጣል፤ የሚቃወም ጎረቤትም አቤቱታውን ያሰማል። ከዚህ በኋላ ነው ስሙ በመዝገብ የሚሰፍረው። ምዝገባው ባልደረሰበት ሰፈር ቤት የሚገዛ ሰው ግን ዛሬም የሚያገላብጠው የክፍለ ከተማውን ፋይልና ሻጩ ከቀድሞው ሻጭ የተቀበለውን የመንደር ውል ነው።