ትውከትና ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ‘ግሉኮስ’ የማይደረግለት ለምንድን ነው? ቤት ውስጥስ እንዴት ይረዳል?

በሚኒሶታ ብርዱ ሲበረታ፣ በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል የሕፃናት ማቆያዎች ከሚዛመቱ ሕመሞች አንዱ ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትለው የአንጀት ሕመም ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተለምዶ ‘ስቶማክ ፍሉ’ ይሉታል እንጂ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ዝምድና የለውም። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ኖሮቫይረስ ሲሆን፣ በአሜሪካ በተለይ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይስፋፋል።

መንትዮቹ ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። ድክ ድክ የሚል ልጃቸው ሲያስመልስ አድሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስዱ ወላጆች የሚያጋጥማቸው ሕክምና ሊያስገርማቸው ይችላል። መርፌ አይወጋም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይታዘዝም፣ በተለምዶ ‘ግሉኮስ’ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም አይደረግም። ይልቁንም ጨውና ስኳር ያለበት ፈሳሽ በትንሽ ኩባያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይቀርባል፤ ወላጆችም በጥቂት በጥቂቱ እንዲያጠጡ ይነገራቸዋል።

ይህ ቸልተኝነት ወይም ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። ቀላል ወይም መካከለኛ የፈሳሽ እጥረት ለገጠመው ሕፃን በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽ በደም ሥር ከሚሰጠው የማይተናነስ ውጤት እንዳለው በተደጋጋሚ ጥናቶች ተረጋግጧል። ጥናቶቹን አንድ ላይ የገመገመ ትንተና እንደሚያሳየው፣ በአፍ ከሚታከሙ 25 ሕፃናት መካከል በደም ሥር ፈሳሽ መውሰድ የሚያስፈልገው አንዱ ገደማ ብቻ ነው።

ሕፃናት ለምን ቶሎ ይጎዳሉ?

የኖሮቫይረስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት ውስጥ በራሱ ያልፋል። ሕፃኑን ለአደጋ የሚያጋልጠው በትውከትና በተቅማጥ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ሰውነት ይልቅ ከፍ ያለ የውሃ ድርሻ አለው፤ መጠባበቂያው ግን ትንሽ ነው። ከዚህም በላይ የሁለት ዓመት ልጅ ሲጠማው ተነሥቶ ውሃ መቅዳት አይችልም፤ የሚሰማውንም በወጉ መግለጽ ያዳግተዋል።

ስለዚህ የሕክምናው ዋና ዓላማ ተቅማጡን ማስቆም ሳይሆን የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው።

ጨውና ስኳር አብረው ሲገቡ

አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሮበርት ክሬን በአውሮፓውያኑ 1960 እንዳስረዳው፣ ትንሹ አንጀት ግሉኮስንና ሶዲየምን የሚያስገባው አንድ ላይ አጣምሮ ነው። ሁለቱ ወደ ሰውነት ሲዘልቁ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህ መንገድ በተቅማጥ ወቅትም መሥራቱን ስለማያቆም፣ የጨውና የስኳር መጠኑ የተመጣጠነ ፈሳሽ አንጀት እየታመመም ቢሆን ወደ ደም ይገባል።

ይህ ዕውቀት በተግባር የተፈተነው በ1971 ከባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች መካከል ነበር። ቦንጋኦን በተባለው ስፍራ ኮሌራ ሲዛመት በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። በዚያ ያገለግል የነበረው ሕንዳዊ ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ፣ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች በአፍ እንዲያጠጧቸው አደረገ። በሕሙማኑ ዘንድ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም በ1978 ይህን ግኝት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችና መድኃኒት ቤቶች ‘ኦ አር ኤስ’ ወይም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በመባል የሚታወቀው፣ ‘ለምለም’ በሚል ስምም የሚሸጠው ከረጢት የዚሁ ግኝት ውጤት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ፔዲያላይትና መሰል የተዘጋጁ ፈሳሾች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በመድኃኒት ቤቶችና በገበያ አዳራሾች ይገኛሉ። የመደብሮች የራሳቸው ስም ያለበት ርካሹ ዓይነትም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

በማንኪያ፣ በትዕግሥት

ብዙ ወላጆች የሚቸገሩት ሕፃኑ የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ ነው። የተጠማ ልጅ አንድ ኩባያ ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ሲጠጣ፣ የተቆጣው ጨጓራ መልሶ ያወጣዋል። መፍትሔው መጠኑን አሳንሶ ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሰጠው ሕፃን በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት ደግሞ 600 ሚሊ ሊትር ያገኛል። ቀላል ወይም መካከለኛ የፈሳሽ እጥረት ላለበት ሕፃን የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ወይም 22 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ ማንኪያው ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ሕፃኑ ቢያስመልስ ለ10 ደቂቃ ያህል ማሳረፍና ከዚያ ይበልጥ በዝግታ መቀጠል ይገባል። ካስመለሰ በኋላም ከጠጣው የተወሰነው በሰውነቱ ውስጥ ይቀራልና ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ትውከቱ ሲታገሥ መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀጭን ተቅማጥ፣ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ማካካሻ ይሰጣል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቋርጥም። የዱቄት ወተት የሚጠጣም ቢሆን ወተቱ ከተለመደው በላይ ሊቀጥንበት አይገባም።

ከኢትዮጵያ የመጣ የኦ አር ኤስ ከረጢት የሚጠቀሙ ወላጆች መጠኑን ልብ ማለት አለባቸው። አንድ ሊትር በሚለው ከረጢት ላይ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ አንድ ሊትር፣ ማለትም ከአራት የአሜሪካ መለኪያ ኩባያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ውሃው ሲያንስ ጨው ይበዛል፤ ይህም ለሕፃን አደገኛ ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። በቤት ጨውና ስኳር ለክቶ ማዘጋጀት ቢቻልም ጥቂት የጨው ስሕተት ጉዳት ስለሚያስከትል፣ የተዘጋጀው በቀላሉ በሚገኝበት ከተማ ያን መምረጥ ይሻላል።

ምን አይሰጥ?

ለስላሳ መጠጦች፣ ያልቀጠነ ጭማቂ፣ ብዙ ስኳር የገባበት ሻይና አጥሚት ተቅማጡን ሊያብሱ ይችላሉ። ከልክ ያለፈ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባልና። የስፖርተኞች መጠጥም ለታመመ ሕፃን ጨው ያንሰዋል፣ ስኳር ይበዛበታል። ውሃ ብቻውን በብዛት መስጠትም የደም ሶዲየም እንዲወርድ ያደርጋል። ሆኖም በካናዳ ተካሂዶ በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሕመሙ ቀላል ለሆነና የፈሳሽ እጥረት ምልክት እምብዛም ለማይታይበት ልጅ በእኩል ውሃ የቀጠነ የፖም ጭማቂም ይሠራል።

ትውከቱ ከቆመ ልጁን ማስራብ አያስፈልግም። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ገንፎ፣ በርበሬ የሌለው አልጫ ፍትፍትና ሌላም የለመደው ምግብ አንጀቱ እንዲያገግም ይረዳል።

ሎፐራማይድን የመሳሰሉ ተቅማጥ አስቋሚ መድኃኒቶች ለትንንሽ ሕፃናት አይሰጡም። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞልም ቫይረስን አይገድልም። ለትኩሳት ሲሆን፣ የፈሳሽ እጥረት ባለበት ልጅ አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በክብደቱ ልክ የሚሰጥ አሲታሚኖፌን ይመረጣል።

‘ጥርስ ሊያወጣ ነው’

በአገር ቤት የሕፃን ተቅማጥ ከጥርስ ማብቀል ጋር ይያያዛል። ከዚህ የተነሣ ‘ግግ’ ማስወጣት ወይም እንጥል ማስቆረጥ የተለመደባቸው አካባቢዎች አሉ። ተቅማጡና ጥርሱ የሚገጣጠሙት ግን ሕፃኑ በዚያ ዕድሜው መሬት እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያስገባ ነው። ድርጊቶቹ ደም መፍሰስና ብክለት ከማስከተላቸውም በላይ ሕፃኑ እንዳይጠጣ ያደርጉታል። ‘ጥርሱ ነው፣ ያልፋል’ ብሎ መጠበቅም ፈሳሽ የሚተካበትን ሰዓት ያባክናል።

መቼ ወደ ሐኪም ይሂድ?

ሕፃኑ ለስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ዳይፐር ካላረጠበ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ አፉ ከደረቀ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም ገና ያልተዘጋ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ሐኪም በቶሎ ሊያየው ይገባል። በጠቆረ ቆዳ ላይ የመልክ መለወጥ በቀላሉ ስለማይታይ ከንፈሩን፣ ድዱንና መዳፉን ማየት ይረዳል። ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን፣ በትንሽ በትንሹ ተሰጥቶትም ምንም የማይረጋለት ልጅ፣ እንዲሁም በቅርቡ ከኢትዮጵያ ጉዞ የተመለሰ ልጅ ሳይዘገይ መታየት አለበት። ስለ ጉዞው ለሐኪሙ መንገር የሚደረገውን ምርመራ ሊለውጥ ይችላል።

ደም ያለበት ሰገራ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የቀዘቀዙ እጆችና እግሮች፣ ለመንቃት መቸገር ወይም መዝለፍለፍ ሲታይ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ወይም 911 መደወል ያስፈልጋል። በመንትዮቹ ከተሞች ቺልድረንስ ሚኒሶታ በሁለቱም ከተሞች፣ ሄነፒን ሄልዝኬር ደግሞ በሚኒያፖሊስ መሐል ድንገተኛ ክፍል አላቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቦታው እዚህ ነው። ‘ግሉኮስ’ ይባል እንጂ፣ ለከባድ የፈሳሽ እጥረት በቅድሚያ የሚሰጠው በዋናነት የጨው ፈሳሽ ነው።

‘ድርቀት’ የትኛው ነው?

‘ድርቀት’ የሚለው የአማርኛ ቃል የሰውነት ፈሳሽ መሟጠጥንም፣ ሰገራ መድረቅንም ሊያመለክት ይችላል። ‘ልጄ ድርቀት አለበት’ የሚል ወላጅ ተርጓሚው የሆድ ድርቀት አድርጎ ቢያስተላልፍበት ሕክምናው ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። ስለዚህ ‘ስንት ጊዜ አስመለሰ፣ ስንት ጊዜ ተቀመጠ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናው መቼ ነው’ የሚሉትን በቁጥርና በሰዓት መግለጽ ይበጃል።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ‘አምሃሪክ’ ብሎ ቋንቋን መናገር ብቻ ለመጠየቅ ይበቃል፤ በስልክም ቢሆን እንዲሁ ነው። ታላቅ እኅት ወይም ወንድም የሆነን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ አይመከርም።

እንዳይዛመት

የእጅ ማጽጃ አልኮል በኖሮቫይረስ ላይ ብዙም አይሠራም፤ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። ትውከት የነካውን ወለል ከጠረጉ በኋላ፣ በአንድ ጋሎን ውሃ ከ5 እስከ 25 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጦ መቀባትና ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ መተው ይመከራል።

ኖሮቫይረስን የሚከላከል ለሕፃናት የተፈቀደ ክትባት የለም። ለሮታቫይረስ ግን በአሜሪካ ከ2006፣ በኢትዮጵያ ከ2013 ጀምሮ በመደበኛነት ይሰጣል። ክትባቱ በአፍ የሚጨመር ጠብታ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ዙር ሕፃኑ 15 ሳምንት ሳይሞላው መጀመር፣ የመጨረሻውም ስምንት ወር ሳያልፈው መጠናቀቅ አለበት። በዚህም ምክንያት ድክ ድክ ማለት የጀመረ ልጅ ጊዜው አልፎበታል፤ ቀጠሮው የሚያዘው ገና በሁለተኛ ወሩ ነው።