ባለ 40 ሻማ አምፖል

አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር ሲመጣልኝ ክዳኑን ፈትቼ መጀመሪያ አሸተዋለሁ። የተቃጠለ ነገር ከሸተተኝ ጣጣው ከፓወር ሰፕላዩ ነው። ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ እንደ ተከተተ ቡና ከሸተተኝ ደግሞ እርጥበት ገብቶታል። ማሽተቱን ያስተማሩኝ ኮምፒዩተር ተምረው የማያውቁ አንድ የሚዛን ተፈሪ ሬዲዮ ሠሪ ናቸው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ እሳቸው ዘንድ ስገባ እዚህ ከተማ ጥገና ማለት ሬዲዮና ቴፕ፣ ቢበዛ የመሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ነበር። ገበሬው ሬዲዮውን ክረምት ላይ አምጥቶ ይጥላል፤ የሚወስደው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ ሬዲዮ እንዳይሻግት ጋሼ የጣውላ ሳጥን አሠርተው ውስጡ ባለ 40 ሻማ አምፖል ሰቅለዋል። "ይኼ ዝናብ ብረት ይበላል፣ ሬዲዮማ ምን አላት" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። የእኛ ምድር በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድበታል። ቡና እንኳ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ካልወረደ መጋዘን አይገባም።

በ1999 ዓ.ም. ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ሲከፈት በየመንገዱ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ፈላ። ኮምፒዩተሮቹ አብዛኞቹ ያገለገሉ፣ ሆዳቸው ሰፊ ፔንቲየሞች ነበሩ። የመጀመሪያውን የሞተ ኮምፒዩተር ስከፍት ጋሼ ከኋላዬ አጎንብሰው አዩ። ማዘርቦርዱ ላይ የተደረደሩት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ፣ አንዳንዱም ቡናማ ፈሳሽ ተፍቷል። "ይኼማ የሬዲዮ በሽታ ነው!" አሉና ካውያቸውን አቀበሉኝ። ከሌላ ከሞተ ቦርድ ነቅለን ተካን፤ ተነሣ። ያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ስንት ማሽን በዚሁ በሽታ እንደ ወደቀ የሰማሁት ኋላ ነው። ካፓሲተሮቹ ሲሠሩ የተሞሉት ፈሳሽ ጥራት የጎደለው ስለ ነበር ውስጣቸው ጋዝ እየፈጠረ ያፈነዳቸው ነበር። እኛ ግን ለወራት የመብራቱን መዋዠቅ ስንረግም ከረምን።

ጋሼ ካረፉ በኋላ አንድ ሐምሌ፣ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ከቴፒ በኩል ኮምፒዩተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። እንዲህ ሲያለቅስ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ ነው። ነቀልኩት። ወርቅማ ጥርሶቹ ጉም የለበሱ ይመስላሉ። የተማሪ ላጲስ አንሥቼ በሁለቱም በኩል ፈተግሁ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠረግሁና "ቀጭ" እስኪል መልሼ ተጫንሁት። ስክሪኑ በራ፤ ግን ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ይላል።

"ድንጋዩ አልቋል" አልኩት።

"ኮምፒዩተርም እንደ ሬዲዮ ድንጋይ አለው እንዴ ጋሼ?"

አውጥቼ አሳየሁት፤ ከሳንቲም የማትበልጥ፣ ባለ 3 ቮልት። ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ልጁ ሦስት ወር ሙሉ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሳሳተውን ቀን ሳያስተውል የሠራው ሒሳብ ሁሉ፣ በማሽኑ መዝገብ ዩኒቨርሲቲያችን ከመከፈቱ በፊት የተሠራ ሆኖ ተገኘ። አብረን ሳቅን፤ እሱ ግን ቶሎ አቆመ፤ ኦዲተር ትዝ ብሎት ይመስለኛል።

አሁን የሚመጣልኝ ላፕቶፕ ነው፤ ለላጲስ የሚመች ነገር እየጠፋ ሄዷል። ሳጥኑ ግን አለ። ዝናብ የመታው ቦርድ ሲገባ አጥቤ ሁለት ሌሊት እዚያ አሳድረዋለሁ። የቸገረኝ አምፖሉ ነው። ሱቁ ሁሉ አሁን ኤልኢዲ ይሸጣል፤ ኤልኢዲ ያበራል እንጂ ዕቃ አያሞቅም። የድሮዎቹ ሁለት ቀርተውኛል፤ በጥጥ ጠቅልዬ ራሞቹን የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።